ሃያ ሳንቲ ሜትር ወደ ታች

መምህራን ጓደኞቼ መኪናዬን «ፎቋ» ይሏታል። ሊገቡባት ሲሉ እግራቸውን የሚያነሱት ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ነው። አጭሯ የሒሳብ አስተማሪያችን በሸኘኋት ቁጥር «ሊፍት ቢኖራት ምን ነበረበት!» እያለች ታጉረመርማለች። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼን ተራራና ሸለቆ ላሳይ ብዬ ነው ይህችን ሆዷ ከመሬት የራቀ የመስክ መኪና የያዝኩት። ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ መሙላትና ጎማ መቀየር ነበር። ሌላ ነገር መጎተትማ ጭራሽ አስቤውም አላውቅ።

ታናሽ እህቴ የዓይን ሐኪም ናት። በሆስፒታላቸው ጓሮ አሮጌ ወንበርና የተሰበረ አልጋ ታጭቆበት ለዓመታት የቆመ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነበር፤ ጣሪያና ግድግዳ ያለው፣ ትንሽ ክፍል የሚመስል። ለምና፣ ተጨቃጭቃ፣ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንታ ተፈቀደላትና አስጠግና የዓይን መመርመሪያ አደረገችው። ውስጡ የሚሽከረከር ወንበር አለ፤ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የታሰረ ማይክሮስኮፕ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ሁለት መቶ ምናምን የመነጽር መስታወት በየቁጥሩ የተደረደረባቸው ስስ መሳቢያዎች አሉ። ሐሳቧ ከተራራው ማዶ ላሉት መንደሮች ማድረስ ነው። «ጋሼ፣ ማየት የተሳነውን ሰው ሁለት ገደል ተሻግረህ ና ማለት ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ትለኛለች።

ተሳቢውን ይጎትት የነበረው የሆስፒታሉ ዝቅ ያለ ፒክአፕ ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ከገባ ሁለት ወር ሆኖታል። አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጥታ ገና ሳትቀመጥ «ፎቋን አውሰኝ» አለች።

«ውሰጃት።»

«ከነሹፌሯ ነዋ!»

ከፒክአፑ የተፈታውን ጋንቾ አምጥተን ፎቋ ኋላ ካለው አራት ማዕዘን ቱቦ ውስጥ ከተትነው። ቀጥ ያለ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ የተሳቢው አፍ የሚጎርሰው ኳስ አለው። ልክ ገባ። ልክ ስለገባ ልክ የሆነ መሰለኝ። ተሳቢውን በክሪክ አንስተን አንስተን ኳሱ ላይ ስናስቀምጠው ግን አፍንጫው ሰማይ ሰማይ አየ፤ ኋላው መሬት ሊነካ ደረሰ። የሆስፒታሉ ጥበቃ ራቅ ብሎ ተመለከተና «ሊነሳ የተዘጋጀ አውሮፕላን መሰለ እኮ» አለ። ሳቅን። ያ ሳቅ አሁን ድረስ ያሳፍረኛል።

ሜዳውን ደህና ሄድን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከኋላዬ የሆነ ነገር መኪናዋን ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ ያላጋት ጀመር። በመስታወት ሳይ ተሳቢው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ፍሬን ነካ ሳደርግ ባሰበት። ከፊት ለፊታችን ደግሞ ትልቅ የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል። እህቴ «ቀስ… ቀስ በል ጋሼ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁና መሪውን ጨብጬ ተሳቢው ራሱ እስኪደክመው ጠበቅኩ። የጭነት መኪናው በክንድ ርቀት አለፈን። መንገድ ዳር ጠጠሩ ላይ ቆምን።

የተሳቢውን በር ስንከፍት መሳቢያዎቹ ተበርግደው መስታወቶቹ ወለሉን ሞልተውታል። ማይክሮስኮፑ ብቻ በብሎኑ ተይዞ ቆሟል። እህቴ ተንበርክካ አንድ በአንድ እየለቀመች በሻርፗ ጠረገቻቸው። ከማዶ አርባ ሰው ዛፍ ስር ተሰብስቦ ይጠብቃታል። ደውላ «ዛሬ አልሆነልንም፤ ግን እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» አለች። አንጀቴን በላችው። እግረኛ እየቀደመን ወደ ከተማ ተመለስን።

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ከወንበሩ ሳይነሳ በመስኮት አየት አደረጋትና «ይቺን ለመሰለች ረጅም መኪና ጋንቾው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ጥሩ ነው» አለ። ከቱቦው ወጥቶ ቁልቁል የታጠፈ፣ ክንድ የሚያህል ብረት አሸከመኝ። ገጠምነው። አሁን ደግሞ ተሳቢው አፍንጫውን ደፍቶ መሬት የሚያሸት ሆነ። ገና ከግቢ ሳንወጣ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ላይ የተሳቢው የፊት እግር ቋ! ብሎ ተጋጨና ቆምን።

ጥበቃው በዚህኛው አልሳቀም። ቀረብ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «መምህር፣ ግምቱን ተዉትና ውሃ ልክ ጋ ይሂዱ» አለኝ።

ውሃ ልክ መቼም ግንበኞች ወለልና ግድግዳ መስተካከሉን የሚያዩበት፣ መሃሉ ላይ አረፋ ያለው ዕቃ ነው። ጥበቃው የሚያወራው ግን ስለ ሰው ነበር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ የብረታ ብረት ሥራ ያላት፣ ስድሳን የተጠጋች ሴትዮ ናት። የትምህርት ቤታችን በር፣ የሆስፒታሉ ደረጃ መደገፊያ፣ የእህቴ ክፍል የሕክምና አልጋ፣ ሁሉም የእሷ እጅ ሥራ መሆናቸውን ያን ቀን ነው የሰማሁት። አሰብኩት። የትምህርት ቤታችን በር አሥራ አንድ ዓመት ሲከፈትና ሲዘጋ ሲጥ ብሎ አያውቅም።

ስንደርስ ብረት መያዣዋ ሞርሳ ላይ ጎንበስ ብላ ላሜራ ትሞርዳለች። ቀጠን ያለች ናት፤ ሰማያዊ ቱታዋ እጅጌው ላይ በብየዳ ፍንጣሪ ወንፊት ሆኗል። ብረቶቿ በየቁመታቸው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ወለሉ ላይ አንድ ዘይት ጠብታ የለም።

«እትዬ፣ ጋንቾ ፈልገን ነው» አልኳት።

«ምን ሊጎትት?»

«ተሳቢ።»

«ተሳቢማ ይታየኛል። ሆዱ ውስጥ ምን አለ?»

«አሁን ባዶ ነው። እንዳይከብድ ብዬ ዕቃውን አወጣሁት።»

ሞረዷን አስቀመጠች። «ተራራውን የምታሻግረው ባዶውን ነው?»

ባዶውን ተሳቢ ዞሬ አየሁት።

«እንግዲያው ተመለስና ለመንገድ እንደምትነሱበት ቀን ጫነው። ውሃውን፣ ጄኔሬተሩን፣ ማንኪያ ካላችሁ ማንኪያውን ጭምር። መኪናዋንም ነዳጅ ሙላት። የሚሄዱትን ሰዎች ይዘህ ና።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞር ብላ «ዶክተር፣ የሰው መመዘኛ ሚዛን አላችሁ አይደል? እሱንም አምጪልኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ተመለስን፤ እኔ፣ እህቴ፣ በምርመራው የምታግዛት ነርስ፣ የሥራ ሰዓቱን የጨረሰው ጥበቃ። እሱ እንኳ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ነገሩን ሳላይ አልቀርም ብሎ ነው የመጣው።

ውሃ ልክ መጀመሪያ ተሳቢውን ከመኪናዋ ለይታ ወለሏ መሃል አስቆመችው። ይህን ወለል ከሃያ ዓመት በፊት ራሷ ናት ያስፈሰሰችው፤ እንቁላል ብታስቀምጥበት የሚንከባለልበትን አቅጣጫ ያጣል። የተሳቢው ወለል ላይ ያን ስሟ የሆነውን መሣሪያ አጋደመችና የፊቱን ክሪክ ቀስ በቀስ አሽከረከረች። አረፋው መሃል ገባ። እሷ ግን አልረካችም፤ ከፊት አየች፣ ከኋላ አየች፣ ዞራ መጣችና ሩብ ዙር ያህል መለሰችው። ከዚያ በሜትሮ ከመሬት እስከ ተሳቢው አፍ ለካች።

«አርባ አምስት። በል ጻፍ መምህር።»

ጻፍኩ።

«ይሄ ተሳቢ ጭነቱን ይዞ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንዲህ መቆም ነው የሚፈልገው። እኛ ደግሞ መኪናዋን ወደ እሱ ማምጣት እንጂ እሱን ወደ መኪናዋ ማንጠልጠል የለብንም።»

ቀጥላ ሚዛኑን ከተሳቢው ምላስ፣ ጫፉ ላይ አፉን ከያዘው የፊት ብረት፣ ስር አስገባችና እንጨት ደርባ ምላሱን አሳረፈችበት። ጎንበስ ብላ አነበበች። ፊቷ ቅጭም አለ።

«ሠላሳ ኪሎ! ጄኔሬተሩን የት ነው ያስቀመጣችሁት?»

«ከኋላ፣ በሩ አጠገብ» አለች እህቴ። «ለማውረድ እንዲቀለን።»

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ሳያንገዳግዳችሁ አልቀረም፤ ያሳበዳችሁ እሱ ነው። ተሳቢው አንድ ሺህ አንድ መቶ ኪሎ ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ ከአሥር አንድ እጁ፣ ከፍ ካለም ትንሽ አለፍ ያለው፣ ምላሱ ላይ ማረፍ አለበት። እናንተ ኋላውን አከበዳችሁት፤ አፍንጫውን ደግሞ ጋንቾው ወደ ላይ አነሳላችሁ። ፊቱ ከቀለለ ምን ይይዘዋል? ይጨፍራላ!»

ጄኔሬተሩን ለአራት ተሸክመን ከጎማዎቹ ወደ ፊት አስቀመጥነው። ጥበቃው «ለማየት መጥቼ ሸክም!» እያለ ያለከልካል። ሚዛኑ መቶ አሥር አለ። ውሃ ልክ አንገቷን ነቀነቀች፤ በእሷ ዘንድ ትልቅ ምስጋና መሆኑን በኋላ ነው የተረዳሁት።

ተራው የፎቋ ሆነ። እህቴንና ነርሷን በየቦታቸው አስቀመጠቻቸው፤ እኔን ገና ትፈልገኛለችና ጥበቃውን መሪው ጋ አስገባችው። ከመሬት እስከ ቱቦው ለካች። «ስልሳ ስምንት።»

እኔም ቸኮልኩ። «አርባ አምስት ሲቀነስ… ሃያ ሦስት! ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ጋንቾ ነው የሚያስፈልገን!»

«ተማሪህ እንዲህ ቢቸኩል ምን ትለዋለህ?» አለች ሳታየኝ። «ስንት ኪሎ ነህ?»

«ሰባ ስምንት።»

ሠላሳ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ሰንሰለት ጎትታ አመጣችና አሮጌው ቀጥ ያለ ጋንቾ ላይ ጠመጠመችው። እኔን ደግሞ እላዩ ላይ ቁም አለችኝ። ቆምኩ፤ የኋላውን በር ታቅፌ። ያኔ የገባኝ መሰለኝ። እኔና ሰንሰለቱ አንድ ላይ መቶ አሥር ኪሎ ነን፤ የተሳቢው ምላስ ማለት ነን። ፎቋ ከኋላዋ ቁጭ ስትል እግሬ ስር ተሰማኝ። ውሃ ልክ እንደገና ለካች።

«ስልሳ አምስት። ሦስት ሳንቲ ሜትር ተቀመጠች። አሁን ቀንስ።»

«ሃያ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሃያ። ሻጩ የሰጠህ ሠላሳ ነው። እሱ የለካው በዓይኑ ነው፤ አንተ ደግሞ በምኞትህ።»

ጥበቃው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ስንት ዓመት የተራራ ከፍታ ያስተማርኩ ሰውዬ የገዛ መኪናዬን ከፍታ የሚለካልኝ ሰው ፈልጌ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከጎኗ የብየዳ ማሽኗ ቆሟል፤ ጥግ ላይ ወፍራም ወፍራም ብረት ተደርድሯል። «እትዬ፣ ታዲያ እርስዎ እዚሁ ቢበይዱልንስ? ይሄን ረጅሙን ቆርጠው አሥር ሳንቲ ሜትር ማሳጠር ለእርስዎ የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም?»

ጓንቷን አወለቀች። ሰንሰለቱን ጠቅልላ ቦታው መለሰች።

«ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል» አለች። «ለወንድሜ ጋንቾ በየድኩለት። እስከ ዛሬ ከበየድኩት ሁሉ እንደ እሱ ያማረ የለም፤ ዓሣ ቅርፊት ነው የሚመስለው። ጡብ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ተበጠሰ። ተሳቢው ወደ ኋላ ሄዶ የአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ግድግዳ ደረመሰ። ሰፊው ምሳውን ሊበላ ወጥቶ ነበር።» ጓንቷን ሞርሳው ላይ ጣል አደረገች። «ባይወጣስ? ግድግዳውን ቆሜ አሠራሁለት። በየረድፉ ውሃ ልክ እያስቀመጥኩ ሳስቸግራቸው ግንበኞቹ ናቸው ይህን ስም ያወጡልኝ። ለማሾፍ ነበር፤ እኔ ግን ወደድኩት። በር እበይዳለሁ፣ አልጋ እበይዳለሁ። ከኋላ የሚመጣ ሰው ሕይወት የሚንጠለጠልበትን ብረት ግን ፋብሪካ ጎትቶ፣ አጣምሞ፣ ፈትኖ፣ የሚችለውን ክብደት ማኅተም አድርጎበት ይምጣ። እኔ በዓይኔ አልፈትነውም።»

በሕይወቴ ብዙ ባለሙያ አውቃለሁ፤ የሚችለውን ሲያሳይ ያየሁት ብዙ ነው። የማይነካውን ለይቶ፣ ምክንያቱንም ሳያሳምር የሚናገር ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። እህቴን ዞሬ ሳያት ዓይኗ ሴትዮዋ ላይ ተተክሏል። እሷም በቢላዋ ጫፍ የሰው ዓይን የምትነካ ናትና፣ ከእኔ ይልቅ ገብቷታል።

ውሃ ልክ ከካርቶን ቁራጭ ቀድዳ በእርሳስ ጻፈችልን፦ ዝቅታው ሃያ፤ ኳሱ የተሳቢው አፍ ላይ እንደተቀረጸው ሃምሳ ሚሊ፤ የቱቦው ስፋት ይሄን ያህል፤ ሁለት ሺህ ኪሎ የሚችል ማኅተም ያለው፤ ኳሱን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ባለ ቀዳዳ ቢሆን ይመረጣል። ሻጩ ካርቶኑን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። «ውሃ ልክ ናት የላከቻችሁ?» አለና ያን ረጅሙን ጋንቾ ሳይከራከር ተቀብሎኝ ጓዳ ገባ። ሲመለስ ማኅተሙን ራሱ በጣቱ እያሳየ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ገጠመችልን። ፒኑን አስገባች፤ የተሳቢውን ሁለት መጠባበቂያ ሰንሰለቶች ከምላሱ ስር አመሳቅላ አሰረች፤ ምላሱ ከኳሱ ቢያመልጥ መሬት ሳይነካ ሰንሰለቱ እንዲሸከመው መሆኑን ነገረችኝ። የፍሬን መብራቱን አስበርታ አየች። ወደ ኋላ አሥር እርምጃ ሄዳ ቆመች። ፎቋና ተሳቢው በአንድ ክር የተሰመሩ ይመስሉ ነበር። እህቴ «አብረውን ይሂዱ፣ እትዬ» ስትላት እንደ መቆጣት አለች፤ «ልቀር ኖሯል? መንገድ ላይ ያላየሁትን ሥራ ሠራሁ አልልም።»

ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ማርሽ ቀነስኩ። ውሃ ልክ ከጎኔ ናት፤ መንገዱን ትታ የጎኑን መስታወት ብቻ ታያለች። ወረድኩ። መጀመሪያው መታጠፊያ፣ ሁለተኛው፣ ያ የቆምንበት ጠጠር አለፈ። ተሳቢው መኖሩን የማውቀው ፎቋ ዳገት ላይ ትንሽ ስለምታቃስት ብቻ ነበር። ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንደሄድን «አቁም» አለች። በሽታ ያገኘችብን መስሎኝ ደነገጥኩ። ካርቶን አነጠፈችና ከመኪናዋ ስር ገባች፤ ቁልፍ ይዛ የኳሱን ዳዶ፣ የፒኑን መያዣ አንድ በአንድ ሞከረች። «አዲስ ብረት መጀመሪያ መንገዱ ላይ ይላላል» ብላ አቧራዋን አራግፋ ገባች። አንዱ ዳዶ ሩብ ዙር ጠብቆላት ነበር።

መንደሩ ስንደርስ እህቴ መጀመሪያ ያደረገችው መሳቢያዎቹን መክፈት ነው። አንድም መስታወት ቦታውን አልለቀቀም። ሄዳ ውሃ ልክን አቀፈቻት። ሴትዮዋ እጇን የት እንደምታስቀምጥ ጠፍቷት እንደ እንጨት ቆመች።

ዛፉ ስር የሚጠብቀው ሰው ከአርባ በልጧል። ውሃ ልክ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ከአንዱ ጎማ ስር ጣውላ አስገብታ ተሳቢውን አስተካከለች፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሽማግሌ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት። አንድ ጫማ ሰፊ መነጽር ተሰጥቶት ወጣ። ከቦርሳው ጫማ አውጥቶ የገዛ ስፌቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «ኧረ በሕግ! ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ተጣሞ ነው ስሰፋ የኖርኩት?» አለ። ዛፉ ስር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ውሃ ልክ ጫማውን ተቀብላ በጥሞና ካየችው በኋላ «ጠማማነቱ እንኳ እኩል ነው፤ ጥሩ እጅ አለህ» አለችው። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ አልተነሳም።

አመሻሽ ላይ ሆስፒታሉ ስንመለስ የቀረን ተሳቢውን ወደ ኋላ እያስኬዱ በሁለት ምሰሶ መካከል ማስገባት ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተሳቢው ተጣጥፎ ወደ ጎን ተጋደመ። ጥበቃው በእጁ እያመለከተ «ግራ! ግራ! ኧረ ግራ ማለት ያኛው ነው!» ይላል።

«እስቲ ተነሳልኝ» አለች ውሃ ልክ። ወንበሩን እስከ መሪው ድረስ አስጠጋች፤ ያም ሆኖ እግሯ ፍሬኑ ላይ የደረሰው በጭንቅ ነው። አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ መስታወት አየች። መሪውን ከታች በኩል በአንድ እጇ ይዛ ነካ፣ ነካ ብቻ ታደርገዋለች። ተሳቢው ቤቱን እንደሚያውቅ ከብት ቀጥ ብሎ ገባ። ነርሷ አጨበጨበች። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«እትዬ፣ ይሄን የት ተማሩት?»

«ወንድሜ ከዚያ በኋላ ተሳቢ አልነካም አለ፤ ጡቡን ማን ያመላልስለት?» አለች። «እሑድ ሥራ የለህም አይደል? የትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ላይ እንገናኝ።»

እሑድ ተገናኘን። የሚቀጥለውም እሑድ። ሜዳው ላይ ሁለት በርሜል ታቆማለች፤ እሷ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከበርሜሎቹ ወዲያ መሃል ለመሃል ትቆማለች፤ እኔ ፎቋን ወደ ኋላ እየነዳሁ እንዳልገጫት እጸልያለሁ። አትንቀሳቀስም። በአራተኛው እሑድ ተሳቢውን አንዴ እንኳ ሳላቃና በርሜሎቹ መካከል አስገባሁትና ዘልዬ ወረድኩ፤ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይደሰትም። ውሃ ልክ ከቆመችበት አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው።

«ደህና ነው» አለች። «አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ አጋድሏል እንጂ። በል ድገመው።»

ደገምኩት።